ወራጅ አለ፦ እናቴን የት ልውሰዳት?

ዓምዱን የሚያዘጋጁት ጋሼ የቀድሞ የውይይት ታክሲ ሹፌር ናቸው። ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር ያለውን መንገድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሰውበታል። በዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጠዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው። አዲስ አበባን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የምትቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው። 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል። ከቲክቶክ እያየሁ 14 ቦታ መዝግቤያለሁ። እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት፣ መርካቶ፣ ሁሉም አለበት። ችግሩ እኔም 11 ዓመት እዚህ ኖሬ አንዱም ጋ ገብቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?
*የእናቱ ልጅ፣ ከጎተራ*

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ቅደደው። 14 ቦታ በሁለት ቀን እኔም ታክሲ ይዤ አላዳርሰውም። እናትህ አገሯ ስትገባ ጎረቤት ቡና ላይ «ምን አየሽ?» ማለቱ አይቀርም። «መኪና ውስጥ ስገባ ስወጣ ዋልኩ» እንድትል ነው?

አዲስ አበባ ዳገት ናት። ይህን ፍሬን ሸራ ሲገዛ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ለአንድ ቀን አንድ ሰፈር ያዝ። ሽቅቡን በታክሲ፣ ቁልቁሉን ቀስ ብላችሁ በእግር። ቁልቁለትም ጉልበት ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን ትንፋሽ አይቆርጥም።

የመጀመሪያው ቀን አራት ኪሎ ይሁን። በጠዋት ሥላሴ ሄዳችሁ አስቀድሱ። ሕዝቡ ሲበተን ውስጡን ተረጋግታችሁ እዩ። አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉት እዚያ ነው። ንጉሡ የሞቱት በ1967 ነው፤ አፅማቸው ሥላሴ የገባው ግን በ1993 ነው። ያን ቀን መንገድ ተዘግቶብኝ ታክሲዬን ዳር አስይዤ ቆሜ አይቻለሁ። ግቢው ውስጥ የአርበኞች መቃብር አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት የሚባሉት እንግሊዛዊትም እዚያው ናቸው። በጣሊያን ጊዜ አገራቸው ሆነው በጋዜጣቸው ስለኛ የጮኹ ሴት ናቸው። እናትህ ነፍስ ይማር ሳትል አታልፍም።

ከዚያ በአታ ውሰዳት፤ ቅርብ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ በአታን ከውጭ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ እዚያ አሉ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ስለሆነ በደረጃ ይወረዳል። ጉልበቷ እምቢ ካላት እሷ ላይ ትቀመጥ። አንተ ወርደህ እይና መጥተህ ንገራት። የልጅ ወሬ ይጣፍጣል።

ከምሳ በኋላ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ወደ አምስት ኪሎ ሲሄዱ። ድንቅነሽ ምድር ቤቱ ውስጥ ናት። ኅዳር 1967 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር የተገኘች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለጸጋ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ነው። ነፍሷን ይማረውና አክስቴን ወስጃት መስተዋቱ ላይ ተደግፋ ብዙ አየቻትና «ምነው እንዲህ የከሳችው፣ እናት የላትም?» አለችኝ። አስጎብኚው ሳቁን መያዝ አቃተው። አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ፤ መስተዋት ውስጥ ያለው ቅጂ ነው። ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ እዚያው ተቆልፎ ይቀመጣል። «ተታለልን» ብለው የሚያኮርፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ምኑ እንደሚያስኮርፍ አይገባኝም። ወርቅህን አንገትህ ላይ አድርገህ መርካቶ ትገባለህ?

አንድነት ፓርክን ለምን ዘለልክ ትለኝ ይሆናል። ቦታው ይገባዋል። የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ፣ አንበሳም አለ። እኔ ያን አጥር ታክኬ ስነዳ ኖሬ ውስጡን ያየሁት በ2012 ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ነው። ድሮ እዚያ መንገድ ላይ ጎማህ ቢተነፍስ እንኳ አትቆምም፤ እየተንገጫገጭክ ታልፋለህ። ግን ሰፊ ነው። ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ እግርም ይፈልጋል። ለሚቀጥለው አቆየው፤ ደግማ የምትመጣበት ሰበብ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን ፒያሳ። ጊዮርጊስ ጀምሩ። ስምንት ማዕዘን ነው፤ አንዴ ዙሩት። ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 የነገሡት እዚህ ነው። ጣሊያን አቃጥሎት እንደገና የታደሰ ነው። ውስጡ ያሉትን የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ቀና ብላ ትያቸው። ከዚያ ፈረሰኛው ምኒልክ። ሐውልቱን ጣሊያን ነቅሎት ነበር፤ ከድል በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። አጠገቡ በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ትልቅ ነው። ሁሉንም ካላየሁ አትበል፤ መቀመጫ ባገኛችሁ ቁጥር ተቀመጡ።

ፒያሳን ድሮ የሚያውቅ ሰው አሁን ቢመጣ ይደነግጣል። የኔ ዶሮ ማነቂያ የለም። በ2016 ከብዙው ሰፈር ጋር ፈርሷል። ጥብስ የምበላበት ቤት የነበረበትን ቦታ እንኳ በግምት ነው የማሳይህ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ አልዋሽም። ግን ለምሳ የት እንደምልክህ ሳስብ ነው የከበደኝ።

ጣይቱ ሆቴል ውሰዳት። እቴጌዋ ያቋቋሙት የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 2007 እሳት ጎድቶታል፤ ግን አለ። የጾም ምግቡ ይመቻታል። ወንበር አለው፣ የሚያጣድፍ የለም። ቶሞካ የሚሉህን አትስማ። ቡናው አንደኛ ነው፤ ግን የሚጠጣው ቆሞ ነው። በጉልበት ሕመም ማን ቆሞ ቡና ይጠጣል? ቡናውን አስፈጭተህ ያዝላት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ታፍላው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ባለፈው እትም «ጣሊያን ዘርፎ ሮም የወሰደው አንበሳ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ነው» ብለዋል። ትክክል አይደለም። እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
*የታሪክ መምህር፣ ከልደታ*

መልስ፦ መምህር፣ ልክ ነዎት። አፈርኩ። ከማንም በላይ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። ተሳፋሪ «አንበሳው ጋ ወራጅ» ሲለኝ «የትኛው አንበሳ?» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የተዘረፈው ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። ለ1923ቱ የንግሥ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ሮም ወስዶ አደባባይ ላይ አቆመው። የዘርአይ ደረስ ታሪክ የሚነሳው ከዚህ አንበሳ ጋር ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ግን ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ለንጉሡ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል፣ በ1948 የሠራው ነው። እሱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም። ለመለየት ቀላል ነው። የለገሃሩ እውነተኛ አንበሳ ይመስላል፣ ዘውድ ጭኗል። የቴአትር ቤቱ ግዙፍ ድንጋይ ነው፣ ማዕዘን ማዕዘን ተደርጎ የተጠረበ። በሁለቱ መካከል ያለው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለቱንም ሄጄ አይቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥቱን ከመንገድ ላይ ሆኜ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?
*ካሜራ ወዳዱ*

መልስ፦ አትሞክረው። ፓርኩ ውስጥ ገብተህ የተፈቀደውን አንሳ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሐዋሳ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ወደ ዱባይ እሄዳለሁ። ከበረራው በፊት ማታ ገብቼ ዘመድ ቤት አድራለሁ። በማግስቱ ኤርፖርት ከቀኑ 10 ሰዓት መድረስ አለብኝ። እስከዚያ ብቻዬን ነኝ፣ ብርም ብዙ የለኝም። ስንት ዓመት እንደምቆይ አላውቅም። አንድ ቦታ ብቻ ባይ የት ይሁን?
*ተጓዧ*

መልስ፦ ልጄ፣ ሰዎች መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ይሉሽ ይሆናል። ለቦሌ መንገድ የተመቸ ነው፣ ማየትም ይገባል። ግን ያን ቀን አይሁን። እኔ ከዚያ ወጥቼ እህል አልበላ ብሎኛል፤ የጓደኞቼ ፎቶ አለበት። አንቺ አውሮፕላን ላይ ይዘሽው አትውጪ።

ስድስት ኪሎ ሂጂ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ገነተ ልዑል የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዚያ ነው። እኔ በሩ ላይ ስንት ሺ ሰው አውርጃለሁ። ራሴ ግን የገባሁት በ61 ዓመቴ፣ የልጅ ልጄ እጄን ጎትታ ነው።

ሙዚየሙ እንደሌላው በክልል በክልል አልተከፋፈለም። ሰው ሲወለድ፣ ሲያድግ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት እያለ ነው የሚሄደው። ከአንድ ብሔረሰብ የልጅ ማዘያ ታያለሽ፣ ከሌላው የሠርግ ጌጥ፣ ከሌላው የመቃብር እንጨት። ላይ ፎቅ መሰንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው፣ የጥንት ሥዕሉ ተደርድሯል። የንጉሡ መኝታ ቤትም አለ። የልጅ ልጄ ያስገረማት አልጋው ሳይሆን መታጠቢያ ቤቱ ነው። እኔ አንድ ወንፊት ፊት ቆሜ ቀረሁ። የእናቴ ወንፊት ነው። ማለቴ፣ ቁርጥ እሱን ይመስላል።

ስትወጪ ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ታያለሽ። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዷ እርከን የሥልጣናቸው አንድ ዓመት ነበረች። ሲባረሩ የኛ ሰዎች አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ አስቀመጡበት። እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቀልድ አላየሁም። ከግቢው ወጥተሽ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ሲቆስል፣ ጣሊያን ከተማውን ሙሉ በጥይትና በእሳት ተበቀለ። ቦምቡ የተወረወረው አንቺ አሁን ከወጣሽበት ግቢ ውስጥ ነው።

ሻንጣሽን ዘመዶችሽ ቤት ተዪው። ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቅሻል፤ ፓስፖርትሽን ግን ከእጅሽ አትለዪው፣ ቀበሌ መታወቂያሽን አሳዪ። 3 ሰዓት ከደረስሽ ከ6 ሰዓት በፊት ትጨርሻለሽ። ከዚያ እስከ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው፤ በእግርሽ ውረጂ። እዚያ ምሳ ብይ፤ ጥሩ ሽሮ አታጪም። ከዚያ ሻንጣሽን ይዘሽ ቦሌ። 8 ሰዓት ሳይሞላ ተነሺ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አይታመንም። ታክሲው ውስጥ «ወራጅ» ስትዪ ደግሞ ጮክ ብለሽ ነው። የዘንድሮ ረዳት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚውለው።