ግዙፎቹ የደሴት ኤሊዎች ስንት ዓይነት ናቸው? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ስለ ግዙፍ ኤሊዎች የጀመርነው ወሬ አላልቅ ብሎ አመሸ። የተረፉትን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ኤሊዎች የት ነው ያሉት?

መልስ፦ በተፈጥሮ የቀሩት ሁለት ቦታ ነው፤ የኢኳዶር በሆኑት በጋላፓጎስ ደሴቶችና የሲሸልስ በሆነችው በአልዳብራ። በግዝፈት ቢመሳሰሉም የቅርብ ዘመድ አይደሉም። የጋላፓጎሶቹ ዘመድ ደቡብ አሜሪካ ያለች ትንሽ ኤሊ ናት።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ይኖራሉ?

መልስ፦ ከ100 ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ የጋላፓጎሶቹ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ብዙ?

መልስ፦ ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ሁሉንም አንድ ዝርያ ብሎ በንዑስ ዝርያ ይከፍላል። ሌላው የጠፉትን ጨምሮ ከ12 በላይ ዝርያ ይቆጥራል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ድሮ መለያው ቅርፊታቸው ነበር። ደረቅ ደሴት ላይ ያለው ቅርፊቱ ከፊት እንደ ኮርቻ ቀና ይላል፤ አንገቱን አስግጎ ቁልቋል ይበላል። እርጥብ ቦታ ያለው ክብ ነው፤ ሣር ይግጣል። ግን መልክ ብቻውን አይበቃም። ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ አንድ ናቸው ሲባሉ የኖሩት፣ ዲኤንኤያቸው ሲታይ ሁለት ሆነው ተገኙ። የምሥራቆቹ በ2015 የራሳቸው ስም ወጣላቸው።

ጥያቄ፦ ስም ቢቀየር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እንዴ! ሁሉም አንድ ከተባሉ አንዱ ደሴት ባዶ ቢቀር «ሌላ ቦታ አሉ» ተብሎ ይታለፋል። ጆርጅ የተባለው የፒንታ ደሴት (ከጋላፓጎሶቹ አንዷ) ኤሊ በ2012 ሲሞት ግን ከዘሩ አንድም ንጹሕ አልቀረም። የሌላዋ ደሴት፣ የፈርናንዲና ኤሊ ነገር ደግሞ ይገርማል። ዝርያው የሚታወቀው በ1906 በተገኘ አንድ ወንድ ብቻ ነበር። በ2019 አንዲት ሴት ተገኘች፤ ዲኤንኤዋም ከእሱ ጋር ገጠመ።

ጥያቄ፦ እኛስ ጋ? ጣና ላይ የሚመስል ነገር የለም?

መልስ፦ ግዙፍ ኤሊ የለም። ዓሣ ግን አለልህ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ የታች ዓሣ ወደ ሐይቁ አይወጣም። ባርባስ የሚባሉት የጣና ዓሦች እዚሁ ታጥረው ተለያዩ። ቀድሞ አንድ ዝርያ ይባሉ ነበር፤ አሁን 15 ያህል ይቆጠራሉ፤ 8ቱ ሌላ ዓሣ በሊታ ናቸው። ልዩነቱ ከኤሊዎቹ በተቃራኒ ነው፦ አፋቸውና አካላቸው በግልጽ ይለያያል፣ ዲኤንኤያቸው ግን በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ነው የሚራቡት፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚያልቁትም እነሱ ናቸው።