የነከርከው እንጆሪ ለምን አልደርቅ አለ?

ከሆለታ አንድ እንጆሪ አምራች እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ «ፍሬውን እንዳይበላሽ ስስ ልባስ ሆኖ በሚሸፍነው ካይቶሳን ነክሬ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባለሁ። ልባሱ ይለጠፋል እንጂ አይደርቅም። በአራተኛው ቀን ግራጫ ሻጋታ ያወጣል። መጠኑን እጥፍ አድርግ ብለውኝ ሳደርግ ደግሞ ፍሬው አረቄ አረቄ ሸተተ። ከሰዓት ለቅሜ 2 ዲግሪ ላይ አሳድርና ጠዋት አውጥቼ እነክራለሁ።»

ወንድሜ፣ ካይቶሳኑን አልጠረጥርም። ችግሩ ያለው ማሳደርህ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ፍሬ ነው የምትነክረው።

ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲያልበው አይተሃል። የመንከሪያ ክፍልህ ሙቀት 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ነው እንበል። ከ14 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ያንተ ፍሬ ገና 2 ዲግሪ ላይ ነው። ስትነክረው ጤዛው ልባሱን ያቀጥነዋል። ፋን ብትለቅበትም ፍሬው እስኪሞቅ ድረስ ፋኑ የሚያመጣለት ሌላ እርጥብ አየር ነው። እንደራሰ ካርቶን ውስጥ ትዘጋዋለህ። ግራጫው ሻጋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአበባው ጀምሮ ተደብቆ የመጣ ነው። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ 0 ዲግሪ ላይም ቀስ እያለ ያድጋል። ውሃ ካገኘማ ምን ቀረው!

እጥፍ አድርግ ያለህ ሰው በጣም አበሳጭቶኛል። ፍሬ ይተነፍሳል። ልባሱ ሲወፍር አየር ያጥረውና ውስጡ ይቦካል። የአረቄው ሽታ ከዚያ ነው።

በጠዋት ልቀም፣ ጥላ ውስጥ አቆይ፣ ሳታቀዘቅዝ ንከር። ለ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) እና 10 ግራም ካይቶሳን ይበቃል። አሲዱን ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳትጨምር! ጓንትና መነጽር አድርግ። ድብልቁን ከለቀማው በፊት ባለው ምሽት አማስለህ አሳድረውና በሻሽ አጥልለው። ከዚያ ፍሬውን አንድ ደቂቃ ያህል ነክረህ በወንፊት ላይ በነጠላ ዘርጋና በፋን አድርቅ። እጅ ላይ መለጠፉን ሲተው ክዳኑን ሳትዘጋ አስገባና ቶሎ አቀዝቅዝ። ክዳኑ የሚዘጋው ፍሬው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ገበያ ላይ ያለውን ርካሽ ቴርሞሜትር አትመነው። እንጆሪ ከዜሮ በታች 0.8 ዲግሪ ገደማ ላይ መቀዝቀዙ አልፎ በረዶ መሥራት ይጀምራል፤ መሣሪያህ ሁለት ዲግሪ ከዋሸህ ምርቱ አለቀ። ካይቶሳኑም አሲዱም ለምግብ የተፈቀደ ይሁን። ካይቶሳን በአብዛኛው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ስለሚሠራ ካርቶኑ ላይ ጻፈው። አለርጂ ያለበትም ጾመኛም ማወቅ ይፈልጋል።

ሠራተኞችህ በጥብጠው የሚያውቁ ቢሆኑም ሁሌ ንገራቸው፦ አሲድ ወደ ውሃ! የተነከረውን ከመዝጋትህ በፊት ደግሞ አንድ ሶፍት ከታችኞቹ ፍሬዎች ሥር አድርግና ትንሽ ቆይተህ አውጣው። ከራሰ ወደ ፋኑ መልሰው።