ዘዴ ወይስ ሴራ? ለወጣት ተርጓሚዎች

ልጆቼ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ በትርጉም ቢሮ ወይም በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ፣ «ማኑቨር» ከሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጠንቀቁ። መዝገበ ቃላት «በብልሃት መንቀሳቀስ» ብሎ ያልፈዋል። ስህተት አይደለም፤ ግን ዜና ለሚተረጉም ሰው አይበቃም።

ቃሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ሥሩ የላቲን ሲሆን «በእጅ መሥራት» ማለት ነው። በነገራችን ላይ እንግሊዞች ለፍግ ያወጡት ስምም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው፤ ቀድሞ መሬት ማልማትን ያመለክት ነበርና።

ከጦር ጋር በብዙ ቁጥር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ ነው። ሁለት አገሮች በባሕር ላይ የጋራ ማኑቨር ማድረጋቸውን «የጦር እንቅስቃሴ ጀመሩ» ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ አንባቢው ጦርነት ሊነሳ ነው ብሎ ይደነግጣል። ስለ ውጊያ ሲነገር ግን ጠላትን በጎን ዞሮ ለመምታት ወይም አመቺ ቦታ ለመያዝ ጦርን ማንቀሳቀስ ነው፤ እዚያ ላይ «እንቅስቃሴ» ያስኬዳል።

ፈተናው ያለው ፖለቲካው ላይ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስብሰባው ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ አደረገ እንበል። እንግሊዛዊው ዘጋቢ «ማኑቨር» ብሎ ይሄዳል፤ ያድንቀው ይንቀፈው አይታወቅበትም። አማርኛ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ በቀላሉ አይሰጥም። «ዘዴ» ካላችሁ ሰውየው ብልህ ነው። «ብልጠት» ካላችሁ ጥቂት ታምቷል። «ሴራ» ካላችሁ ግን ፈርዳችሁበታል፤ ያውም ዘጋቢው ያላለውን። ኮምፒውተር በመጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ቃል ከእነዚህ የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ነገ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ የሚመጣው ባለጉዳይ ግን ኮምፒውተሩን አይጠይቅም። እኔ ዘገባው ራሱ ካልወቀሰ በስተቀር «ስልት» እላለሁ። ድርጊቱ ያረፈው በሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ገለልተኝነቱ እየሳሳ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን ማኑቨር አድርጎ ውል አስፈረመው ሲባል፣ ፈራሚው የገባበትን ነገር በቅጡ አላወቀም ማለት ነው፤ «አግባብቶ አስፈረመው» ልኩ ነው።

የመኪና መንጃ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ጥቂት ቢቆም ይጠቀማል። ሾፌሩ በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ እየገባ ነው። የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ የመኪናውን ጀርባ በመዳፉ እየመታ «ስበር፣ ስበር... መልስ... ቀጥ አድርገህ ና!» ይለዋል። የእንግሊዝኛው መመሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ ማኑቨር ይለዋል። እኛ ዘንድ ሥራው የተያዘው በግሥ ነው። «የማቆም ማኑቨር ማከናወን» ተብሎ የተጻፈ መመሪያ አይቻለሁ፤ ሠራተኛው ቢሰማው ይስቃል።

ሕክምና ውስጥ ቃሉ ከሰው ስም ጋር ተጣብቆ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪ ሃይምሊክ ባዕድ ነገር አንቆት መተንፈስ ላቃተው ሰው ያስተዋወቀው አለ። «የሃይምሊክ ዘዴ» ብትሉት ለሐኪም ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት ግን ከኋላ ቆሞ፣ የተጨበጠ እጅን ከእንብርት በላይ አድርጎ፣ በሌላው እጅ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት መሆኑን ጻፉ፤ እዚያ የሚፈለገው ስሙ ሳይሆን እጅ የሚሠራው ነው።

በበጀትና በድርድር ዘገባ ደግሞ «ለማኑቨር ቦታ የለውም» የሚለውን ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። «የመንቀሳቀሻ ስፍራ የለውም» የሚል ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ እርሳሴን አነሳለሁ። «መፈናፈኛ የለውም» ይባላል፤ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ይሁን እንጂ ይህ ቃል የሚያምርበት ሲታጣ ነው። እንግሊዝኛው ሚኒስትሩ አሁንም ለማኑቨር ሰፊ ቦታ አለው ካለ፣ «ሰፊ መፈናፈኛ አለው» ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ገና ብዙ አማራጭ በእጁ ነው» በሉት።