የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእጅ መሣሪያው ሥጋው ላይ ያለውን ባክቴሪያ ያሳያል?

ጥያቄ፦ ክትፎ ቤት አለኝ። «ባክቴሪያን በ15 ሰከንድ ያሳያል» የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እንድገዛ ተመክሬያለሁ። ሥጋው ላይ ሳልሞኔላ ወይም ኢ. ኮላይ መኖሩን ይነግረኛል?

መልስ፦ አይነግርዎትም። በዚያ ፍጥነት የሚሠራው የኤቲፒ መለኪያ ነው። ኤቲፒ ሴሎች ለኃይል የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ሲሆን በማንኛውም ሕያው ሴል ውስጥ ይገኛል፤ ዕቃው በሚጠረግበት የጥጥ ዘንግ ውስጥ ያለው ሉሲፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ሲያገኘው ብርሃን ይፈጠራል፤ መሣሪያው የሚለካው ያንን ብርሃን ነው። ሥጋ ራሱ ኤቲፒ ስላለው ንጹሕ ሥጋም ቢሆን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

መክተፊያውና ቢላዋው በደንብ መታጠባቸውን ለማረጋገጥ ግን በጣም ጠቃሚ ነው። ጥጡን ከፍሪጅ አውጥተው 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ዕቃው በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ፣ በረኪና ሳይነካው፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ጥጡን እያዞሩ ይጥረጉ። ቢላዋ የቦረቦረውን የመክተፊያ ክፍል ይምረጡ፤ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። የበረኪና ቅሪት ኢንዛይሙን ስለሚያዳክም፣ ዕቃው ሳይጠራ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሳልሞኔላን ለይቶ የሚያሳይ፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር የሚነበብ ስትሪፕ አለ። ችግሩ የባክቴሪያው ብዛት ነው። አብዛኛው ስትሪፕ መስመር ለማውጣት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ሺህ እስከ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው አደገኛ የኢ. ኮላይ ዝርያ ግን ከ100 ያነሰ ሆኖም ሰውን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ሳልሞኔላን ሲፈልግ 25 ግራም ሥጋ የፔፕቶን ውሃ በተባለ 225 ሚሊ ሊትር የባክቴሪያ ማራቢያ ፈሳሽ ውስጥ ከትቶ፣ በ37 ዲግሪ ለ18 ሰዓት ያህል ባክቴሪያውን ያራባል። እባክዎ ይህን ማድ ቤት ውስጥ አይሞክሩት። የተራባው ፈሳሽ እጅግ አደገኛ ነው፤ ላቦራቶሪውም የሚጥለው ኦቶክሌቭ በተባለ የእንፋሎት ማምከኛ በ121 ዲግሪ ከገደለው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የወተት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ስትሪፑ ላይ አንድም መስመር አልወጣም። ወተቱ ከባክቴሪያው ነፃ ነው ልበል?

መልስ፦ አይበሉ። ስትሪፑ መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልወጣ ምርመራው አልተካሄደም ማለት ነው። መጀመሪያ ቅባቱን ይጠርጥሩ፤ ክሬም የስትሪፑን ሽፋን ስለሚዘጋ ፈሳሹ መስመሩ ጋ አይደርስም። ከክሬሙ ሥር ቀድተው በአዲስ ስትሪፕ ይድገሙት። ከፍሪጅ እንደወጣ የተከፈተ ስትሪፕም እርጥበት ስለሚይዝ ይበላሻል፤ እሽጉ ሳይከፈት ይሙቅ። የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ወጥቶ ናሙናው በጣም የተራባ ከሆነ ደግሞ 1 ለ10 አቅጥነው ይሞክሩ፤ ባክቴሪያው ከልክ በላይ ሲበዛም የምርመራው መስመር ሊጠፋ ይችላል።