ልጄ ገዝታልኝ የመጣችው ከረሜላ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አምድሽን በየጊዜው አነባለሁ። 61 ዓመቴ ነው። ልጄ አስመጥታኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእሷና ከባሏ ጋር ነው የምኖረው፤ አራት ዓመት የሆነው የልጅ ልጅም አለኝ። ሁለቱም ጉልበቶቼ ያሠቃዩኛል። ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። ለግፊቴ በየጠዋቱ አምሎዲፒን እወስዳለሁ።

ባለፈው ሰሞን ልጄ የሀሺሽ ከረሜላ ገዝታ መጣች። «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሕጋዊ ነው፤ ይኸው ደረሰኙ፣ ታክስም ተከፍሎበታል» ትለኛለች። እኔ ግን ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ነው ያደግሁት። በዚያ በኩል ካለፍሽ እግርሽን እሰብረዋለሁ የምትል እናት ነበረችኝ። አሁን በእርጅናዬ ሀሺሽ ልጀምር? ብወስደው ምን ያደርገኛል፣ ያሰክራል? ጾምስ ያስፈታል? የከረሜላው ቆርቆሮ እስካሁን ፍሪጁ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ለሲቲዝንሽፕ አመልክቼ ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ነው፤ ልጄ ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም ብላኛለች።

ጉልበቴን ያሉት እናት

መልስ፦

እትዬ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ልጅዎ አይገናኝም ያለችው ይገናኛል፤ እንዲያውም ከጉልበትዎም ከግፊትዎም በፊት የሚመጣው እሱ ነው።

ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ካናቢስ፣ ማለትም ሀሺሹን፣ ፈቅዳለች። ልጅዎ ደረሰኝ ማሳየቷም እውነቷን ነው። ነገር ግን ዜግነት የሚሰጥዎ ሜሪላንድ አይደለችም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ካናቢስ አሁንም ቁጥጥር ያለበት ዕፅ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚመለከተው ዩኤስሲአይኤስ ኤፕሪል 19 ቀን 2019 ይህንኑ በመመሪያው ላይ በግልጽ አስፍሯል፦ ግዛቱ ቢፈቅድም ባይፈቅድም ካናቢስ የተጠቀመ፣ የያዘ፣ በሽያጩም የሠራ አመልካች «መልካም ሥነ ምግባር» የለውም ተብሎ ዜግነት ሊከለከል ይችላል። መታሰር አያስፈልግም፣ ፍርድ ቤት መቆም አያስፈልግም። ኦፊሰሩ ፊት ቀኝ እጅዎን አንስተው ከማሉ በኋላ ሲጠየቁ «አዎ፣ ለጉልበቴ ብዬ ወስጃለሁ» ማለትዎ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለግል መጠቀሚያ ከ30 ግራም የማይበልጥ ካናቢስ አንድ ጊዜ ብቻ የያዘ ሰው የሚታለፍበት ቀዳዳ በሕጉ ውስጥ አለ። እሱን ግን ችግር ውስጥ የገባ ሰው ከጠበቃው ጋር ይፈልገው እንጂ እርስዎ አስቀድመው የሚተማመኑበት አይደለም። «አልወሰድኩም ብልስ?» እንዳይሉ፣ በመሐላ መዋሸት ራሱን የቻለ መከልከያ ነው።

እዚህ ሰፈር ስንቱ ወገናችን ይህን እንደማያውቅ ሳስብ እበሳጫለሁ። ዲስፔንሰሪው፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የካናቢስ መሸጫ፣ በር ላይ የሚለጠፈው የዕድሜ ማስታወቂያ ነው፤ «ግሪን ካርድ ያለዎት ይጠንቀቁ» የሚል ወረቀት አይቼ አላውቅም። ልጅዎ ዜጋ ናት፤ ባትሆን ኖሮ እናቷን ማስመጣት አትችልም ነበር። ለእሷ ከረሜላው የምሽት ጨዋታ ነው። ለእርስዎ ግን የወረቀት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዜግነት መሐላውን ፈጽመው የምስክር ወረቀቱን እጅዎ እስኪያስገቡ ድረስ አይቅመሱት፣ ቦርሳዎም ውስጥ አይግባ። ኢንተርቪውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ እስከ መሐላው ቀን ያለው ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል። ከዚህ ቀደም ቀምሰው ከሆነ ደግሞ ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ከኢንተርቪው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

መሐላው ያልፋል፤ ጉልበቱ ግን ይቆያል። ያን ጊዜ ልሞክረው ቢሉኝ ምን እንደምልዎ ልንገርዎ።

ሻሸመኔ የሚያውቁት የሚጨሰውን ነው። ጭስ ቶሎ ነው የሚሠራው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ላይ ይወጣል፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ይበርዳል። ሰውየው ሲበዛበት ያውቀዋልና ያቆማል። ከረሜላው እንዲህ አይደለም። ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ በጉበት በኩል አልፎ ነው የሚደርሰው። ጉበት ደግሞ ቲኤችሲ የሚባለውን የሚያሰክር ንጥረ ነገር ወደ ሌላ፣ ወደ አንጎል ይበልጥ ወደሚዘልቅ ዓይነት ይለውጠዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቢወስዱ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። «ይሄማ ውሸት ነው፣ ምንም አላደረገኝም» ተብሎ ሁለተኛው የሚደገመው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ይመጣሉ። ኃይሉ የሚበረታው ከተወሰደ ከ2 እስከ 4 ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ ድንዛዜው እስከ ንጋት ሊዘልቅ ይችላል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥግ ወስደው በሹክሹክታ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» የሚሉኝ ሰዎች ታሪካቸው አንድ ነው፤ የደገሙ ናቸው።

ቆርቆሮውን ገልብጠው ያንብቡት። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ፍሬ እስከ 10 ሚሊግራም፣ ሙሉው ጥቅል እስከ 100 ሚሊግራም ቲኤችሲ ሊይዝ ይችላል። 10 ለለመደ ሰው ነው። ለጀማሪ፣ ያውም ስድሳ ላለፈ፣ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው 2.5 ሚሊግራም ይበቃል፤ ከዚያ በታች ቢሆንም አልከፋም። ባለ 10ሩን በቢላ አራት ቦታ ቆርጦ መውሰድ ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ዘይቱ በፍሬው ውስጥ እኩል ላይሰራጭ ይችላልና አንዱ ሩብ ከሌላው ይበልጣል። ሲመረት ጀምሮ 2.5 የሆነው ይሸጣል፣ እሱን ይግዙ። ዲስፔንሰሪ ካልሆነ ደግሞ አይግዙ። ነዳጅ ማደያና የሲጋራ ሱቅ ውስጥ በሚያብረቀርቅ ከረጢት የሚሸጠው ውስጡ ምን እንዳለ ማረጋገጫ የለኝም።

ያሰክራል ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ ግን እንደ ጠጅ አይደለም፤ የጫት ምርቃናም አይደለም። አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ ሰዓቱ አልሄድ ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይተኛል። የበዛበት ሰው ግን ፍርሃት ይይዘዋል፤ ልቤ ቆመ፣ ልሞት ነው ይላል። እንደዚያ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሶ መጋደም፣ ውኃ መጎንጨት፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብ መሆን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ቡና አያወጣውም፤ ልብን ይበልጥ ያስመታል እንጂ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን 911 ነው፤ ያን ጊዜ ምን እንደወሰዱ ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

የእርስዎን ነገር ስሰማ ቶሎ የመጣብኝ መውደቅ ነው። አምሎዲፒን ግፊት ይቀንሳል። ቲኤችሲ ደግሞ ከተኙበት ሲነሱ ግፊቱን በድንገት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። በሌሊት፣ በጨለማ፣ በታመመ ጉልበት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለቱ ቢገናኙ ወገብ የሚሰበረው ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ልጅዎ ቤት ትሁን፣ መብራት በርቶ ይደር፣ ከአልጋ ሲነሱም ጥቂት ተቀምጠው ይነሱ። ከጠላም ሆነ ከወይን ጋር አይሆንም፤ አልኮል በደም ውስጥ የሚገባውን ቲኤችሲ ይጨምረዋል። በማግስቱ ጠዋትም መኪና አይንዱ። ሐኪምዎም ይወቅ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አንባቢ ካለ ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው፤ ካናቢስ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ መድማት ሊያመጣበት ይችላል። የልብ ሥር ሕመም ያለበት፣ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ የነበረበት፣ ያረገዘችና የምታጠባም እንደዚሁ ይቅርባቸው።

ያድናል ወይ? የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ለቆየ ሕመም በአዋቂዎች ላይ የሚረዳ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ መረጃ አግኝተዋል። ለእንቅልፍ የተገኘው ግን ደከም ያለ ነው፤ የሚጠቅመውም ለአጭር ጊዜ። በየምሽቱ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፣ ያቆሙት ዕለት እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። በእኔ እምነት ለጉልበትዎ ከዚህ ከረሜላ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። ቮልታረን የሚባለው የዲክሎፌናክ ቅባት ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ለጉልበት የተሠራ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ ይቀባል። ትእግስት ይፈልጋል፣ እስከ ሰባት ቀን ይጠብቁት። ፊዚካል ቴራፒስት ጋ ልኩኝ ብለውም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሸክም ይቀላል። እነዚህን ሳይሞክሩ ቆርቆሮ መክፈት ደረጃውን በላይኛው መጀመር ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ፈገግ ብያለሁ፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ከረሜላዎች በጄላቲን ነው የሚሠሩት፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል። የጾም ሊሆን አይችልም። በፔክቲን፣ ማለትም ከፍራፍሬ በሚወጣ፣ የተሠሩም አሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። ኃጢአት ነው አይደለም ለሚለው ግን የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው በባዶ ሆድ ከተወሰደ ፈጥኖ ሊያጠቃ እንደሚችል ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ጾመው ከሚውሉ ሰዎች አንዷ ከሆኑ ይህንንም ያስቡበት።

አሁን ደብዳቤውን ሳነብ ልቤን ያስደነገጠው ፍሪጁ ነው። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ወንበር ይወጣል። ለእሱ ከረሜላ ከረሜላ ነው፤ አንድ ፍሬ ቀምሶም አያቆምም። ሕፃን ይህን ከበላ መንገዳገድ፣ ከባድ እንቅልፍ፣ አንዳንዴ የትንፋሽ መዳከም ይመጣበታል፣ ሆስፒታልም ያስተኛል። ዛሬውኑ ቆርቆሮውን ሳጥን ውስጥ ከተው ይቆልፉበት፤ ወይም ልጅዎ መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን ከቤት ታውጣው። የመመረዝ መረጃ ማዕከል ስልኩ 1-800-222-1222 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም ይጠራሉ። ልጁ አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከቀነሰ መጀመሪያ 911 ይደውሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእርስዎ ሳይሆን በዚህ ወቅት ለገና ሻንጣ ለሚያሰናዱ። ቆርቆሮውን ወደ አዲስ አበባ እንዳትጭኑት። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ክልክል ነው፤ ከረሜላ መምሰሉም፣ የሜሪላንድ ደረሰኝም ቦሌ ላይ አይረዳችሁም። በዱባይ የምታልፉ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦

እህቴ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነው የምጽፍልዎ። ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አለኝ፤ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ቅዳሜ ዴንቨር የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ያንን ከረሜላ ቀመስኩ። ደስ አላለኝም፣ ልደግመውም አልፈልግም። ግን ድርጅታችን ድንገተኛ ምርመራ ይጠራል። ኮሎራዶ ሕጋዊ ስለሆነ ብጠራም ችግር የለውም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦

አይደለም ወንድሜ። የአንተ ምርመራ የኮሎራዶም የቨርጂኒያም አይደለም፣ የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ግዛቱ ፈቅዶልኛል የሚለው መልስ እዚያ ተቀባይነት የለውም። ሐኪም ያዘዘልኝ ነውም አይሠራም። አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ሽንት ላይ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ቀን ያህል ሊገኝበት ይችላል፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ላይ ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰውነትን ያጥባል ተብሎ የሚሸጠውን መጠጥ አትግዛ፤ ናሙናን ማበላሸት በራሱ ምርመራን እንደ እምቢ ማለት ነው የሚቆጠረው። እምቢታ ደግሞ ከተገኘብህ ጋር እኩል ነው።

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ። የተገኘበት ሰው ስሙ እዚያ ይገባል፣ ሌላ ድርጅት ሊቀጥርህ ሲያስብ ያየዋል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ግዛቱ ሲዲኤሉን ራሱን ያወርድብሃል፤ ለመመለስ የዕፅ ጉዳይ ባለሙያ ጋ ቀርበህ የታዘዝከውን ጨርሰህ፣ ሌላ ምርመራ አልፈህ ነው። እስከ አሁን ካልጠሩህ እሰየው። ሲቢዲ፣ ማለትም የማያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ ብቻ ነው ተብሎ የሚሸጠውን ዘይትም ወገቤን አመመኝ ብለህ እንዳትጀምር፤ ቲኤችሲ ሊኖርበት ይችላል፣ ቢገኝብህም «ሲቢዲ ነበር» ማለት አያድንህም። ለወገብ ሕመም የምትወስደው ነገር ከፈለግህ ከመግዛትህ በፊት ሲዲኤል እንዳለህ ለፋርማሲስቱ ንገረው፤ እንቅልፍ የማያመጣውን ይመርጥልሃል።