ቆሞ ያደረ መኪናሽን ገጭቶ ለጠፋው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ላያቢሊቲ ብቻ ቢኖርሽም ኢንሹራንስሽ ሊከፍልሽ ይገባል

እህቴ በመጀመሪያ እንኳንም አንቺ ውስጡ አልነበርሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ አሌክሳንድሪያ ቤትሽ ፊት ለፊት መንገድ ላይ ያቆምሽውን ኮሮላ ማታ አንዱ ገጭቶት ጠፋ፣ ጠዋት ለስራ ስትወጪ የኋላ በሩና ፓራፋንጎው ገብቶ አገኘሽው፣ ኢንሹራንስሽ ጋ ስትደውዪ ኮሊዥን (የራስሽ መኪና ሲጋጭ የሚያሰራልሽ ሽፋን) የለሽም ምንም ማድረግ አንችልም አሉሽ፣ ጓደኞችሽ ደሞ ተይው ክሌም ካደረግሽ (ክፈሉኝ ብለሽ ከጠየቅሽ) ዋጋ ይቆልሉብሻል አሉሽ። ሁለቱንም አትቀበዪ። እኔ እዚሁ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ስኖር ልክ እንዳንቺው ደርሶብኝ ኮሊዥን ሳይኖረኝ ተከፍሎኛል፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ላያቢሊቲ (አንቺ ሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ነው የገዛሁት የምንለው ፖሊሲ ላይ አንኢንሹርድ ሞተሪስት (ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር ለሚያደርስብሽ ጉዳት) የሚባል ሽፋን አብሮ አለ፣ ህጉ ነው ኩባንያዎቹን የሚያስገድዳቸው። ብዙ ሰው ይሄንን ለህክምና ብቻ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ለንብረትም አለው፣ ፕሮፐርቲ ዳሜጅ የሚለው ክፍሉ ማለት ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከገጨሽ ወይ ደሞ ገጭቶ አምልጦ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ያው ኢንሹራንስ እንደሌለው ተቆጥሮ የራስሽ ኩባንያ በሱ ቦታ ሆኖ ይከፍላል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የተገዛ ወይ የታደሰ ፖሊሲ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺ፣ ለአንድ አደጋ 100 ሺ፣ ለንብረት 25 ሺ ዶላር ነው፣ ከዛ በፊት ንብረቱ 20 ሺ ነበር። ገጪው ካልታወቀ ከጉዳቱ ላይ የመጀመሪያዋ 200 ዶላር ባንቺ ላይ ልትቀር ትችላለች፣ ከዛ በላይ ያለው ግን የነሱ ነው። 200 ዶላርና አንድ ሙሉ በርና ፓራፋንጎ የማሰራት ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ አንቺው ታውቂዋለሽ።

እኔም ጋ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ያልሽውን ነበር ያለችኝ፣ ስክሪኗን አየችና ኮሊዥን የለህም ሰር ሶሪ አለች። እኔ ዲክላሬሽን ፔጁን (ሽፋኖቹና የዶላር ገደባቸው የተዘረዘረበትን የፖሊሲውን ገፅ) እጄ ላይ ይዤ ነበር የደወልኩት፣ አንኢንሹርድ ሞተሪስት ፕሮፐርቲ ዳሜጅ የሚለውን መስመርና ጎኑ ያለውን የዶላር ቁጥር አነበብኩላትና በዚህኛው ስር ክሌም ክፈቺልኝ፣ አይሆንም ካላችሁ ደሞ እምቢታችሁን በፅሁፍ ላኩልኝ አልኳት። ሆልድ ላይ አድርጋኝ ሄደች፣ ስትመለስ የክሌም ቁጥር ሰጠችኝ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ ስልክ የሚያነሱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ኮሊዥን አለ የለም የሚለውን ነው፣ ጠያቂው ስሙን ጠርቶ ካልጠየቀ ማንም ቆፍሮ አያወጣለትም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ ስንት ወገናችን ነው በየወሩ እየከፈለ ያለውን ነገር ሳያውቀው ከኪሱ አውጥቶ የሚያሰራው።

እንግሊዝኛው ስልክ ላይ የሚያስቸግርሽ ከሆነ አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ በያቸው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፣ ነፃ ነው፣ እናቴን እንደዛ ነው ያስጨረስኳት። በተለይ ድምፅሽ ተቀድቶ ቃል የምትሰጪበት ሰአት ላይ የአስራ ሁለት አመት ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ እዛ ላይ የተነገረች አንዲት ቃል ኋላ ተመዝዛ ልትመጣ ትችላለች።

ፖሊስ ሪፖርት አድርገሻል ወይ የሚለውን ጥያቄሽ ላይ አላየሁትም። ካላደረግሽ ዛሬውኑ አድርጊ፣ 911 ሳይሆን ኢመርጀንሲ ያልሆነውን የከተማውን ቁጥር ደውለሽ። ሰው ካልተጎዳ መኮንን ላይመጣ ይችላል፣ በስልክ ወይ ኦንላይን ይቀበሉሻል፣ አንቺ የምትፈልጊው የኬዝ ቁጥሩን ነው። ለዚች ትንሽ ነገር ፖሊስ ማስቸገር እንዳትዪ፣ የቆመ መኪና የገጨ ሰው ባለቤቱን መፈለግ፣ ካጣውም ስሙን አድራሻውን የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩንና የመኪናውን ምዝገባ ፅፎ በሚታይ ቦታ መተው፣ ከዛም በ24 ሰአት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት ይላል የቨርጂኒያ ህግ። ትቶ መሄዱ ወንጀል ነው።

ከዛ ጎረቤት ካሜራ። ይሄ ከሁሉም ይቀድማል ምክንያቱም ቪዲዮው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ ይጠፋል። እኔ በራቸው ላይ ሪንግ ያላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እያንኳኳሁ ጠየቅኩ፣ አንዲት አሮጊት ልጃቸውን አስደውለው አስገኙልኝ፣ ነጭ ቫን ሲያልፍ፣ ሲመታ፣ ትንሽ ቆም ሲልና መብራቱን አጥፍቶ ሲሄድ ይታያል፣ ታርጋው ግን አይነበብም። አይነበብም ብዬ አልተውኩትም፣ አጀስተሩ (ጉዳቱን የሚመረምረው የኢንሹራንሱ ሰራተኛ) ያንን ቪዲዮ ካየ በኋላ ራስህ ከምሰሶ ጋር አጋጭተኸው ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ቆመ። ሌላው ደሞ መሬቱን እዪ። የኔ መኪና ጎማ ስር የሌላ መኪና ስፖኪዮ ሽፋን ተሰብሮ ወድቆ ነበር፣ ከውስጥ በኩል በደቃቁ የፓርት ቁጥር ተፅፎበታል፣ እሱን ጎግል ሳደርገው የምን ቫን እንደሆነና ከየትኛው እስከ የትኛው አመት ሞዴል እንደሚገጥም መጣልኝ። ፎቶውን ለፖሊሱም ለአጀስተሩም ላክሁ። አንቺም ስብርባሪ ካለ አንስተሽ በፌስታል አስቀምጪው፣ በርሽ ላይ የቀረውን የሌላ መኪና ቀለም ደሞ ሳታጥቢው ከቅርብም ከሩቅም አንሺው፣ መንገዱና የቤቱ ቁጥር እንዲታይ።

ታርጋ ከተገኘ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፖሊስ ባለቤቱን ያወጣል፣ ኢንሹራንስ ካለው የሱ ላያቢሊቲ ነው የሚከፍልሽ፣ ያኔ 200ውም የለም። ኩባንያው ደንበኛችን አልነዳም ወይ ፖሊሲው ተቋርጧል ብሎ ሽፋን ከከለከለሽ ተመልሰሽ ወደራስሽ አንኢንሹርድ ሞተሪስት ትመጫለሽ፣ መንገዱ አይዘጋም።

ዋጋ ይጨምራል ወይ ለሚለው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንሱ አንቺ ሙሉ በሙሉ ወይ በከፊል ጥፋተኛ ያልሆንሽበትን አደጋ ምክንያት አድርጎ ፕሪሚየምሽን መጨመር አይችልም፣ በህግ ነው የተከለከለው። ቆሞ ያደረ መኪና ደሞ ምን ጥፋት አለበት? ስታድሺ ዋጋው ከፍ ብሎ ቢመጣ ለሁሉም ሰው የጨመሩት ሊሆን ይችላል፣ በዚህ አደጋ ምክንያት ነው ካሉሽ ግን ሪችመንድ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ስር ያለው ቢሮ ኦፍ ኢንሹራንስ ጋ አቤቱታ ታስገቢያለሽ፣ ኦንላይን ነው፣ ክፍያ የለውም። ክሌሙን ያለ ምክንያት ካጓተቱብሽም እዛው ነው። እኔ አቤቱታ እስከማስገባት አልደረስኩም፣ ስሙን መጥራቴ ብቻ ኢሜይል የማይመልሰውን አጀስተር እንዲመልስ አድርጎታል።

አሁን ዋናው ትግል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ግምቱ ላይ። ኮሮላሽ አሮጌ ከሆነ ማሰሪያው ከመኪናው ዋጋ ጋር ይቀራረብና ቶታል ሎስ (ከማሰራት ዋጋውን መክፈል ይሻላል) ሊሉት ይችላሉ። የኔ ካምሪ ቸርኬውም አክስሉም ስለተጣመመ ቶታል ተባለ፣ የላኩልኝ ቁጥር ግን በሱ ብር ተመሳሳይ መኪና የትም አይገኝም። ዝም ብዬ አልፈረምኩም፣ የገመቱበትን ሙሉ ሪፖርት ላኩልኝ አልኳቸው። ከፍቼ ሳየው ያወዳደሩት መኪና የኔ ኤስኢ የሚባለው ትሪም (የሞዴሉ ደረጃ) ሆኖ ሳለ እነሱ ያመጡት ኤልኢ ነው፣ ማይሉም ከኔ በጣም የራቀ፣ ከዛ ላይ ደሞ ኮንዲሽን ብለው ለጎማ ለወንበር እያሉ ቀንሰዋል። ጎማውን በቅርቡ ነው የቀየርኩት፣ ደረሰኙ አለኝ። ደረሰኞቹንና እዚሁ አካባቢ ዲለር ጋ ለሽያጭ የቀረቡ ያንኑ አመት፣ ያንኑ ትሪምና ተቀራራቢ ማይል ያላቸውን ማስታወቂያዎች ሰብስቤ በኢሜይል ላክሁላቸው፣ ቁጥሩን አሻሻሉት፣ ደህና አድርገው። ስለዚ የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻ አይደለም፣ በስልክ ሳይሆን በፅሁፍ ተከራከሪ። መኪናሽን ቶታል ብለውም መያዝ ከፈለግሽ ይቻላል፣ የስክራፑን ዋጋ ቀንሰው ይሰጡሻል፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ግን ሳልቬጅ፣ ማለትም ክፉኛ የተጎዳ መኪና የሚል፣ ሊሆን ይችላልና አስቢበት።

ሬንታልም ጠይቂ። መኪናሽ እስኪሰራ የተከራየሽበትን ተመጣጣኝ ወጪ የማስመለስ መብት አለሽ፣ ግን በትክክል ያወጣሽውን ነው፣ ስለዚ ደረሰኝ ያዢ። ቶው ተደርጎ ግቢ ውስጥ ካለ ደሞ በየቀኑ ስቶሬጅ (የማቆያ ክፍያ) ይቆጥራል፣ ቶሎ ወደራሳቸው ግቢ እንዲያነሱት ንገሪያቸው።

ኡበር ወይ ሊፍት ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። አፑ ጠፍቶ ቆሞ ከተገጨ የግል ኢንሹራንስ ነው። አፑ በርቶ ከነበረ ግን የግሉ ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ሽፋን ይከለክላል፣ ኡበር ደሞ ለራሳችሁ መኪና የሚከፍለው ጥሪ ተቀብላችሁ እየሄዳችሁ ወይ ሰው ጭናችሁ ከነበረና የግል ፖሊሲያችሁ ላይ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ (እንደ ስርቆትና እሳት ላለ ከግጭት ውጪ ጉዳት) ካላችሁ ብቻ ነው፣ ዲዳክቲብሉም (መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) 2,500 ዶላር ነው። በላያቢሊቲ ብቻ ቀኑን ሙሉ የምትሰሩ ይሄን ከወዲሁ እወቁት፣ የልጆቻችሁ እንጀራ ነው። ውስጡ ሆናችሁ ተገጭታችሁ ካመለጠ ደሞ ባትታመሙም ሀኪም ይያችሁ፣ አንገትና ወገብ ቆይቶ ነው የሚናገረው፣ ለአካል ጉዳት የመክሰሻው ጊዜ እዚህ 2 አመት ነው (ለንብረት 5)፣ ገጪው ባይታወቅም ጆን ዶ (ላልታወቀ ሰው የሚሰጥ ስም) በሚል ስም ክስ ተከፍቶ የራሳችሁ ኢንሹራንስ ይመልሳል። ህመሙ ሳይለይ ሪሊስ (ከዚህ በኋላ ሌላ አልጠይቅም) የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

አንቺ እህቴ ዛሬ ማታ ጎረቤቶችሽን አንኳኪ፣ ነገ ጠዋት የኬዝ ቁጥሩን ይዘሽ ኢንሹራንስሽ ጋ ደውዪ። ዲክላሬሽን ፔጁ ካልገባሽ ፎቶ አንሺው፣ ስምሽን፣ አድራሻሽንና የፖሊሲ ቁጥሩን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከስራ ስወጣ የትኛው መስመር እንደሆነ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።