«ካርታው በኋላ ይወጣል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ዕቁብ ወጥቶልኝ አዳማ ዳር፣ ገና በሚቆረቆር ሰፈር፣ 200 ካሬ በርካሽ አገኘሁ። ሻጩ ገበሬ ነው። ደላላው «በሦስት ምስክር ተፈራረሙ፣ ካርታው በኋላ ይወጣል» ይለኛል። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ውልቅ ይላል፤ ግሬደር ሲመጣ ቆርቆሮ የምትለቅሚው አንቺ ነሽ።

ጠባብም ቢሆን ካርታ ያለው ቤት ፈልጊ። ፎቶ ኮፒ አትመኚ። ከሻጩ ጋር መሬት አስተዳደር ሄደሽ ዋናውን ካርታ ከፋይሉ ጋር አስተያዪ። እግድ፣ የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ሊዝ ካለ ጠይቂ። ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ሻጩ «አብሬሽ አልሄድም» ካለ ቀብድ እንዳትከፍዪ።